ከራጅ ክፍል እስከ ፋሲል ግቢ፦ ምስሉን የሚወስነው ጨረሩ ነው ወይስ ተቀባዩ?

የራጅ ፊልም በፌስታል አንጠልጥሎ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው በጎንደር መንገዶች ላይ የተለመደ ነበር። ከደምቢያ ወይም ከጭልጋ የመጣ ታማሚ ፊልሙ እንዳይታጠፍበት በካርቶን ደግፎ ይዞት ይመለሳል፤ በዓመቱ ለቀጠሮ ሲመጣም ያንኑ ይዞ ይቀርባል። አሁን ፊልሙ እየቀረ ነው። ምስሉ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል፣ ሐኪሙም እያጎላ ያየዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የአብያተ መንግሥቱ እድሳት በተነሣ ቁጥር ግንቦቹን በሌዘር የመለካት ጉዳይ አብሮ ይነሣል።

ሁለቱ ወሬዎች የሚገናኙ አይመስሉም። አንዱ የጤና ነው፣ ሌላው የቅርስ። ሥር ያለው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ጨረር ወይም ብርሃን ወደ አንድ ነገር ይላካል፤ አልፎ ወይም ተመልሶ ሲመጣ የሚቀበለው ማነው? ምን ያህል ስፋት አለው? ከመጣው ውስጥ ስንቱን ይይዛል፣ ስንቱን ያባክናል? በጀት ሲያዝ፣ ዜና ሲሠራ፣ ሪባን ሲቆረጥ የሚወራው ስለ ምንጩ ነው፤ ስለ ራጅ ማሽኑ ኃይል፣ ስለ ሌዘሩ ረቂቅነት። ተቀባዩን የሚያነሣው የለም። እኔ ግን ገንዘባችንም ጥያቄያችንም ወደ ተቀባዩ መዞር አለበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ከዚህ በታች ያለው ነው።

ለሌንስ የማይታዘዝ ጨረር

የስልካችን ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ቺፕ ከጣት ጥፍር አይበልጥም። በዚያ ላይ ከጎሐ ኮረብታ ቁልቁል የምትታየዋን ከተማ ሙሉዋን ማሳረፍ የሚቻለው ከፊቱ ሌንስ ስላለ ነው። ሌንሱ ሰፊውን አጥብቦ ያወርደዋል። ራጅ ለሌንስ አይታዘዝም። መስታወት ውስጥ ሲገባ ወይ ያልፋል ወይ ይዋጣል እንጂ እንደ ተራ ብርሃን አይታጠፍም። በትልልቅ የምርምር ተቋማት ራጅን በመጠኑ የሚሰበስቡ ልዩ መስታወቶች አሉ፣ ለሆስፒታል ግን አይሆኑም። ስለዚህ የአንድ አዋቂ ሰው ደረት ጥላ ሙሉ ሆኖ እንዲያርፍ ከተፈለገ ተቀባዩ ራሱ ደረት ማከል አለበት። የራጅ ሰሌዳዎች 35 በ43 ወይም 43 በ43 ሴንቲሜትር የሆኑት ለዚህ ነው።

የራጅ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በተቀባዩ ነው። ዊልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በቩርዝቡርግ ቤተ ሙከራው የተጠቀመበት የኤሌክትሪክ ቱቦ እሱ ጋ ብቻ የነበረ አልነበረም፤ በአውሮፓ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ለዓመታት ሲበራ ኖሯል። ጨረሩም ከየቱቦው ሲወጣ ኖሯል። የሮንትገን ዕድል ቱቦው በጥቁር ወረቀት ተሸፍኖ እያለ ራቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ባሪየም ያለበት ኬሚካል የተቀባ ስክሪን ሲያበራ ማየቱ ነበር። ጨረሩን የገለጠው ያ ስክሪን ነው። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አስገኘለት።

ከዚያ በኋላ ለ90 ዓመታት ያህል ተቀባዩ ፊልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ዊላርድ ቦይል እና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ቤተ ሙከራ ሲሲዲ የሚባለውን የሲሊኮን ተቀባይ ሲፈጥሩ (በ2009 ኖቤል ያገኙበት ሥራ ነው) ለፎቶግራፍና ለሥነ ፈለክ ትልቅ በር ከፈቱ፤ ለራጅ ክፍል ግን ችግሩን አልፈቱም። ምክንያቱ የዳቦ ቤት ዓይነት ቀላል ምክንያት ነው፤ ከምጣዱ የሚሰፋ ዳቦ አይጋገርም። ቺፕ የሚቆረጥበት የሲሊኮን ክሪስታል ትልቁ ዝርግ ስፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሴንቲሜትር ነው። ከእሱ 43 ሴንቲሜትር የሚሆን ሰሌዳ አይወጣም።

መላው የመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው ሌዘር ነው፣ ሁለተኛው ቴሌቪዥን።

በሌዘር የሚነበብ ሰሌዳ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ፉጂ ገበያ ላይ ያወጣው ሥርዓት ዛሬም በብዙ የአገራችን ሆስፒታሎች አለ፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ሲአር ይሉታል። ከውጭ ሲታይ የድሮውን የፊልም ካሴት ይመስላል፤ መጠኑም ያው ስለሆነ ነባሩን የራጅ ማሽን ሳይጥሉ መጠቀም ይቻላል። ደሃ አገር ውስጥ የተወደደውም ለዚሁ ነው። በካሴቱ ውስጥ ያለው ግን ፊልም ሳይሆን ባሪየም፣ ፍሎሪንና ብሮሚን ያሉበት፣ ትንሽ ዩሮፒየም የተጨመረበት ደቃቅ ዱቄት የተቀባ ነጭ ሰሌዳ ነው።

ራጁ ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ጉልበቱ ግን በዱቄቱ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ ብዙ ጨረር ባረፈበት ብዙ፣ አጥንት በጋረደው በኩል ጥቂት። ራዲዮግራፈሩ ካሴቱን ወስዶ ማንበቢያው ማሽን አፍ ላይ ሲያስገባው ማሽኑ ሰሌዳውን ከካሴቱ ይስበዋል። ውስጥ ያለው መስታወት እየተንቀሳቀሰ ከፀጉር ቀጭን የሆነ ቀይ የሌዘር ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ ይጠርግበታል፤ ሰሌዳው በዚያው ልክ በዝግታ ወደ ፊት ይሄዳል። ቀዩ ሌዘር በነካው ነጥብ ላይ የተያዘው ጉልበት ይለቀቅና ሰማያዊ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ማጣሪያ ቀዩን ያስቀራል፣ ሰማያዊው ብቻ በብርሃን መምሪያ ተሰብስቦ ደካማ ብርሃንን አጉልቶ ወደ ኤሌክትሪክ ወደሚለውጥ ቱቦ ይገባል። ሌዘሩ በዚያች ቅጽበት የት እንዳለ ስለሚታወቅ ኮምፒውተሩ ብርሃኑን በቦታው ይመዘግባል። ነጥብ በነጥብ፣ መስመር በመስመር ደረቱ ይሣላል። በመጨረሻ ኃይለኛ ነጭ ብርሃን በሰሌዳው ላይ ይለቀቅበትና የቀረው ትዝታ ተጠርጎ ለሚቀጥለው ታማሚ ይዘጋጃል። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

እዚህ ላይ ሌዘሩ ምስል አልሠራም፤ ያነበበው ሰሌዳው የያዘውን ነው። ስህተቶቹም ሌላ ቦታ ናቸው። በብርሃን መምሪያው ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብታርፍ በምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ ነጭ መስመር ትተዋለች፤ ምስሉ በዚያ ማሽን በተነበበ ሰው ሁሉ ደረት ላይ ያው መስመር ይመጣል። አቧራው በሰሌዳው ላይ ከሆነ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያልና ሳንባ ላይ ያለ ጠባሳ ሊመስል ይችላል። በበጋ መስኮቱ ወደ ጥርጊያ መንገድ የሚከፈት የራጅ ክፍል ለዚህ ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ከአቧራ ይልቅ ብዙም የማይወራለት መብራት መጥፋቱ ነው። ሰሌዳው የያዘውን ጉልበት ለዘላለም አይይዘውም፤ በስምንት ሰዓት ውስጥ ሩብ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ታማሚው ከተነሣ በኋላ መብራት ሄዶ ሰሌዳው እስከ ማታ ሳይነበብ ከቆየ ምስሉ ይወጣል፣ ግን ደክሞና ነጠብጣብ በዝቶበት ነው። በተቃራኒው ለቀናት ሳይሠራበት መደርደሪያ ላይ የዋለ ሰሌዳ ከአካባቢው ከሚመጣ የተፈጥሮ ጨረር ላይ ጥቂት ጥቂት ያጠራቅማል። ስለዚህ ደንቡ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር በሰሌዳው ላይ የተጠራቀመውን በማሽኑ መጥረግ ነው። ይህ ሁሉ ስለ ራጅ ቱቦው አንድ ቃል ሳይነሣ ነው።

ከቴሌቪዥን መስታወት የተገኘው ፓኔል

ሁለተኛው መላ ዲአር የሚባለው ነው። የስክሪን አምራቾች ሲሊኮንን እንደ ክሪስታል ከማብቀል ይልቅ በሰፊ መስታወት ላይ በስሱ መቀባት ቻሉ። ያ ቴክኖሎጂ ቴሌቪዥኑን ሲያሰፋው የራጅ ሰሌዳውንም አሰፋው። ስክሪን ምስል የሚሰጥ ሲሆን የራጅ ፓኔሉ ምስል የሚቀበል መሆኑ ነው ልዩነቱ፤ ሥር ያለው የመቀያየሪያ ሥርዓት ግን ዘመዳሞች ናቸው።

በላዩ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሲዝየም አዮዳይድ አለ። ክሪስታሉ ቁመቱ ወደ ታች በሆኑ ረቂቅ መርፌዎች መልክ የበቀለ ነው። ራጁ ሲመታው አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ መርፌዎቹ ብርሃኑ ወደ ጎን እንዳይፈስ ይዘው ቀጥ አድርገው ያወርዱታል። ከሥሩ ያሉት የሲሊኮን ነጥቦች ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። የአንዱ ነጥብ ስፋት ከሚሊሜትር አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው፤ በ43 በ43 ሴንቲሜትር ሰሌዳ ላይ ከ9 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ይሰፍራሉ። ንባቡ በሰከንዶች ያልቃል። ከመጣው ጨረር ውስጥ ከሲአር ሰሌዳ እጥፍ ገደማ ስለሚጠቀም ታማሚው የሚያገኘውም ጨረር በዚያው ልክ ሊቀነስ ይችላል። «ጨረሩ ይጎዳኛል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ትክክለኛው መልስ ግማሹ እዚህ አለ፤ ደካማ ተቀባይ ያለው ክፍል ጥሩ ምስል ለማግኘት ጨረር መጨመር አለበት።

ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ካለባቸው የዓለም 30 አገሮች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ለሚደረግ የነቀርሳ ልየታ የደረት ራጅን ኮምፒውተር ቢያነበው ተቀባይነት አለው ብሏል። የራጅ ምስል የሚያነብ ሐኪም (ሬዲዮሎጂስት) በሌለበት ወረዳ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ በእጅ የሚያዝ የራጅ ማሽንና አንድ ፓኔል በመኪና ጭኖ ገጠር መግባት ይቻላል። ሆኖም ኮምፒውተሩ የሚያየው ሳንባውን ሳይሆን ፓኔሉ የሰጠውን ቁጥር ነው። ከ9 ሚሊዮኑ ነጥቦች አንድ ረድፍ ሲሞት በምስሉ ላይ ቀጭን መስመር ይፈጠራል። ሶፍትዌሩ ይህን አውቆ ከጎረቤት ነጥቦች ገምቶ ይሞላዋል፤ ምስሉም ንጹሕ መስሎ ይወጣል። ጥቂት ነጥቦች ሲሆኑ ጉዳት የለውም። ሲበዙና ማንም ሳይመዘግባቸው ሲቀር ግን የተሞላውና የታየው ይደባለቃል።

ፓኔል ካሊብሬሽን የሚባል ልማድ ይፈልጋል። ጨረር ሳይኖር የሚሰጠው ቁጥር አለ፤ እኩል ጨረር ሲያርፍበትም ነጥቦቹ እኩል አይመልሱም። ሁለቱም በየጊዜው ተለክተው ከምስሉ ላይ ይታረማሉ። ልኩ ደግሞ ከሙቀት ጋር ይቀየራል። ብዙዎቹ ፓኔሎች እንዲሠሩ የታሰቡት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ጎንደር ይህ ችግር አይደለም። ወደ መተማ ቆላ ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር መኪና ውስጥ የዋለ ፓኔል ከታሰበለት የሙቀት ልክ ውጭ ሆኗል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን የተነሣውን ምስል አምኖ መድኃኒት ማስጀመርም ሆነ ማስቀረት ጥያቄ ያስነሣል። እንዲህ ያለ ፓኔል ሲገዛ «ሙቀቱን ይችላል?» ብሎ የጠየቀ የጨረታ ሰነድ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ዋጋው አለ። ገመድ አልባ ፓኔል ክብደቱ ሦስት ኪሎ ገደማ ነው። ከግድግዳው መቆሚያ ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ ዊልቸሩ በእጅ ይሄዳል። ውስጡ መስታወት ነው፤ ወድቆ ከተሰነጠቀ አይጠገንም፣ ይለወጣል። ለምሳሌ 30 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ፓኔል እንውሰድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ፓኔሉ 1.7 ሚሊዮን ብር ያህል ነው። ዶላሩ 130 ብር ሲገባ ያው ፓኔል 3.9 ሚሊዮን ብር ሆነ። የሆስፒታሉ ክፍያ፣ የጤና መድን የሚመልሰው ገንዘብ፣ የጥገና በጀቱ በዚያ ፍጥነት አላደገም። ስለዚህ አንድ የወደቀ ፓኔል ማሽኑን ሙሉ ያቆመዋል። ቱቦው ጤነኛ ነው፣ ጀነሬተሩ ጤነኛ ነው፣ ክፍሉ ግን ተዘግቷል። ታማሚው ወደ ግል ክሊኒክ ይላካል፣ ወይም ወደ ባሕር ዳር።

ጨረሩ ሲዞር፣ ተቀባዩ ሲያንስ

እስካሁን ያየነው ሰፊ ተቀባይ የሚፈልገውን መንገድ ነው። የተገላቢጦሹ መንገድ ደግሞ ጨረሩን አጥብቦ ማዞር ነው። ሌዘሩን አንድ ነጥብ ላይ ታሳርፈዋለህ፣ የሚመለሰውን ትለካለህ፣ ወደ ቀጣዩ ነጥብ ትሄዳለህ። ቦታውን የሚነግርህ ጨረሩ ስለሆነ ተቀባዩ የምስር ፍሬ ቢያህልም ይበቃል። የሲአር ማንበቢያው ሁለቱን ያጣመረ ነበር፤ ሰፊ ሰሌዳ ይቀበላል፣ ጠባብ ሌዘር ያነብባል። የግንብ መለኪያው ሌዘር ግን ሙሉ በሙሉ በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚሠራ ነው።

አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ከ1636 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩትና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገባቸው ግንቦች በ900 ሜትር አጥር የተከበቡ ናቸው። አንድ የሌዘር መለኪያ በሦስት እግሩ ላይ ግቢው መሐል ሲቆም ጭንቅላቱ እየዞረ በሰከንድ እስከ 1 ሚሊዮን ነጥብ ሊለካ ይችላል። አለካኩ በጊዜ ነው። ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ይጓዛል፤ ሄዶ ስለሚመለስ ያች ቅጽበት የ15 ሴንቲሜትር ርቀት ማለት ናት። አንድ ስንጥቅ 3 ሚሊሜትር መክፈቱን ለማወቅ የፈለገ ሰው ደግሞ ከአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ሃምሳኛዋን ክፍል መለየት አለበት። ይህን የሚለየው ሌዘሩ አይደለም፤ ተመልሶ የመጣውን ደካማ ብልጭታ የሚይዘው ተቀባይና ሰዓቱ ነው።

ጎንደር ላይ ይህ ተቀባይ ይፈተናል። የግንቦቹ ድንጋይ ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጥቁር ነገር ብርሃን ይውጣል እንጂ ብዙ አይመልስም። በክረምት ሲርስ ደግሞ ይብሳል፤ የሚመለሰው ሲያንስ በልኬቱ ላይ ያለው መንቀጥቀጥ ይበዛል። ለእድሳት የቆመ የባሕር ዛፍ ስካፎልዲንግ ካለ ከበስተጀርባው ያለው ግድግዳ ለሌዘሩ ጨለማ ነው፤ ያን ለመሙላት መሣሪያውን አንሥቶ ሌላ ቦታ ማቆም ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥሩ ልኬት ስካፎልዲንጉ ከመቆሙ በፊት፣ በበጋ፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ የሚሠራ ነው። ከእድሳቱ በፊት አንዴ፣ ከእድሳቱ በኋላ አንዴ፣ ከዚያም በየጥቂት ዓመቱ። የሚጠቅመው ልዩነቱ ነው። አንድ ልኬት ብቻውን የሚያምር ሥዕል ነው፤ ሁለተኛው ሲመጣ ነው ግድግዳው ማጋደሉ ወይም አለማጋደሉ የሚታወቀው።

የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክተው መዝግበዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ሁልጊዜ የማነሣው ጥያቄ ነጥቦቹ ማን ጋ ናቸው የሚለው ነው። በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ከአገር ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ ካሉ የሚቀጥለው የእድሳት መሐንዲስ ከምን ጋር ያነጻጽራል?

ከግድግዳ የማይለይ ሥዕል

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሌላ ዓይነት ፈተና አለው። የጣራው መላእክት ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል ሲያዩ፣ ግድግዳው ደግሞ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቷል። ከሥዕሉ ሥር ምን እንዳለ፣ የትኛው ክፍል በኋላ እንደተቀባ ማወቅ የሚፈልግ ባለሙያ በሌላ አገር ሙዚየም ቢሆን ሥዕሉን ራጅ ያነሣው ነበር፤ ቱቦው ከፊት፣ ሰሌዳው ከኋላ። እዚህ አይቻልም። የግድግዳው ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ከበስተኋላው ድንጋይ እንጂ ሰሌዳ የሚገባበት ቦታ የለም። ቱቦው ምንም ያህል ቢያምር ተቀባዩ የሚቆምበት ስፍራ ካጣ ራጅ የለም። በእንጨት ላይ የተሣለና ከቦታው የሚነሣ ሥዕል ከሆነ ግን፣ ቤተ ክህነቱ ከፈቀደ፣ የከተማው ማንኛውም የሆስፒታል ፓኔል ይበቃዋል።

ለግድግዳው የሚቀረው ከፊት ለፊት የሚሠራ ነገር ነው። አንደኛው ህንዳዊው ሲ. ቪ. ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳወቀው ክስተት ላይ የቆመ ነው። ሌዘር በቀለሙ ላይ ሲያርፍ ከሚመለሰው ብርሃን እጅግ ጥቂቱ ቀለሙን በትንሹ ቀይሮ ይመጣል፤ ለውጡ እንደየኬሚካሉ ይለያያል። በኢትዮጵያ ሥዕሎች ላይ የሚታወቁትን አርሴኒክ ያለበት ቢጫ፣ ሲናባር የሚባል ቀይ ማዕድን፣ ሰማያዊ ኢንዲጎ ሳይነኩ መለየት ይቻላል። ሳይነኩ ሲባል ግን ልክ አለው። ሲናባር ብርሃን ሲበዛበት ይጠቁራል፤ ሌዘሩ ከተጠናከረ ነጥቧን ሊያቃጥላት ይችላል። ጥንቁቅ ባለሙያ ከሺህኛ ዋት በታች ወርዶ ይሠራል። ሌዘሩ ሲደክም የሚመለሰውም ይደክማል፤ ያን ደካማ ብርሃን መያዝ የሚችል፣ የቀዘቀዘ፣ ጥሩ ተቀባይ ያስፈልጋል። ኃይለኛ ሌዘርና ርካሽ ተቀባይ ይዞ የመጣ ቡድን ለመላእክቱ አደጋ ነው።

ቀላሉ መንገድ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ከቀይ ወዲያ ያለው ዓይን የማያየው ብርሃን ነው። ተራ የዲጂታል ካሜራ ሲሊኮን እስከ 1,100 ናኖሜትር ድረስ ያያል፤ አምራቹ የገጠመበት ማጣሪያ ሲወልቅ ሠዓሊው በከሰል ጥቁር የነደፈው ንድፍ ከቀለሙ ሥር ብቅ ሊል ይችላል። ይህ የዶላር ጉዳይ አይደለም፤ ፈቃድ፣ ጥንቃቄና የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ነገ ሊሠራ የሚችል ነው።

ሀብታሞቹም ያው ጋ ይቸገራሉ

ይህ የደሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስል ሃምቡርግ አጠገብ ያለውን የአውሮፓ የራጅ ሌዘር እንመልከት። 3.4 ኪሎሜትር ርዝመት ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረ ተቋም ነው። በሰከንድ እስከ 27,000 የራጅ ብልጭታ ይሰጣል፤ አንድን ሞለኪውል ከመፈራረሱ በፊት ለመያዝ የሚበቃ አጭርና ኃይለኛ ብልጭታ። ብልጭታዎቹ በሰከንድ አሥር ጊዜ በቡድን ይመጣሉ፣ በአንዱ ቡድን እስከ 2,700። ለዚሁ ተቋም ተብሎ የተሠራው አጊፕድ የተባለው ባለ 1 ሚሊዮን ነጥብ ተቀባይ ከእያንዳንዱ ቡድን መያዝ የሚችለው 352 ምስል ነው። የቀረው ብልጭታ ቢመጣም አይመዘገብም። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ምንጭ ተቀባዩ እስኪደርስበት ይጠብቃል።

ቺሊ ያለው የቬራ ሩቢን መመልከቻ ካሜራም ያንኑ የሲሊኮን ምጣድ ችግር የፈታው በመገጣጠም ነው። 189 ሲሲዲ ቺፖች ከ60 ሴንቲሜትር በላይ በሆነ ገበታ ላይ ተደርድረው 3.2 ቢሊዮን ነጥብ ይሰጣሉ፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 የመጀመሪያ ምስሎቹ ይፋ ሆኑ። ለእኛ የሚቀርበው ዮርዳኖስ ውስጥ ያለው ሰሳሚ የተባለው ሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮኖችን እያዞረ ኃይለኛ ራጅ የሚያመነጭ ተቋም) ነው። ከአፍሪካ ግብፅ አባል ናት፤ ኢትዮጵያ አይደለችም። አፍሪካ የራሷ ሲንክሮትሮን የላትም።

ጨረታው ላይ

ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ያሠለጠነች ከተማ ናት። ፓኔል የሚያነሡ እጆች አሏት፤ ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጡ የባዮሜዲካል ምሩቃንም አሉ። ብዙዎቹ ግን የሚያገኙት ሥራ የተበላሸውን ማሽን መዝግቦ ለአቅራቢው ስልክ መደወል ነው። የሶፍትዌሩ የጥገና መግቢያ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነው፤ የሞቱ ነጥቦች ዝርዝር የሚታየው ለአቅራቢው ቴክኒሺያን ብቻ ነው። ካሊብሬሽን ለማድረግ ሰው ከአዲስ አበባ ይጠበቃል፤ መንገዱ በየጊዜው በሚዘጋበት አካባቢ ደግሞ መጠበቁ ወራት ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚፈታው ከግዢ በፊት የሚጻፍ አንቀጽ ነው። የፓኔሉ ዋስትና ከማሽኑ ዋስትና ተለይቶ፣ መውደቅን ጭምር የሚሸፍን ሆኖ ይጻፍ። የካሊብሬሽኑ መግቢያ ለሆስፒታሉ ባለሙያ ክፍት እንዲሆንና ሥልጠናው በዋጋው ውስጥ እንዲካተት ይጠየቅ። ፓኔሉ ከአንድ አምራች ማሽን ጋር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ያ በግልጽ ይነገር፤ ርካሽ የመሰለው ሁለተኛ ግዢ ላይ ይጨርሰናልና። ቆላ ለሚሄድ ፓኔል የሙቀት ልኩ ይጠቀስ። የቅርስ ልኬት ከሆነ ደግሞ ጥሬው መረጃ ሙሉ ቅጂ አገር ውስጥ፣ ከአንድ በላይ ቦታ እንዲቀመጥ የመጨረሻው ክፍያ በእሱ ላይ ይታሰር።

እስከዚያው ያለ ትልቅ ግዢ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዝርግ መዳብ ቱቦው አፍ ላይ ይደረጋል፣ ታማሚ በሌለበት ፓኔሉ ላይ ራጅ ይለቀቃል፣ ምስሉ ይታያል። ሙሉ በሙሉ ወጥ ግራጫ መሆን አለበት። መስመር፣ እድፍ፣ ወይም አንዱ ጥግ የጠቆረ ከሆነ ቀኑ ተጽፎ ምስሉ ይቀመጣል፤ በሳምንቱ ከሚነሣው ጋርም ይነጻጸራል። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ መዳቡም ከብረታ ብረት ሱቅ የሚገኝ ነው።